ከኋላ የምትቆመው ኢኒድ

ኢኒድ ክሌግ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ስትልጥና ልጆች የማይበሉትን ጎመን ስትቀቅል ኖራ ጡረታ የወጣች፣ በእንግሊዝ አገር የኪትሊ ከተማ ሴት ናት። ባሏ ሄድሊ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከቤታቸው ሌላ የኔ የሚሉት ሀብት ቢኖር ከመኪናቸው ኋላ የምትጎተተው ባለ ጎማ ማደሪያ፣ ክሬም ቀለም ካራቫን ናት። ሄድሊ ስም አውጥቶላት "እሜቴ" ይላታል። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ለሳምንት ሲዘጋ የልጃቸውን ልጅ ብራዮኒን ይጭኑና ወደ ዮርክሻየር ሸለቆዎች ይወጣሉ። ዋሻ ያያሉ፣ ከየገበሬው ደጅ ቺዝና የአሳማ ሥጋ ቂጣ እየገዙ ይበላሉ፣ ዝናብ ሲመጣ እሜቴ ውስጥ ተኮልኩለው ካርታ ይጫወታሉ።

ካራቫን የሚጎትት ሰው የሚፈተነው መንገድ ላይ አይደለም። ወደ ፊት መጎተት እዳው ገብስ ነው። ፈተናው ማደሪያው ሜዳ ሲደርሱ፣ ካራቫኗን ወደ ኋላ ገፍቶ ቦታዋ ላይ ማስገባቱ ነው። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት እሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ተቆጥተው መልሰው ሲያዞሩት ደግሞ እንደ አኮረፈች አማት ፊቷን ጭራሽ ታዞራለች። ይህን ለማየት ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጣል። እያየሁ ነው የሚል የለም። አንዱ ጋዜጣ ይገልጣል፣ ሌላው የውሻውን ጆሮ ያሻሻል፣ ዓይኑ ግን እዚያው ነው። ሳይጠሩት ሄዶ ማገዝ ነውር ነው። ባልና ሚስት በዚያ ላብ መሃል የሚባባሉትን ጆሮ ጥሎ መስማት ግን ነውር ሆኖ አያውቅም።

ሄድሊ በዚህ ፈተና ወድቆ አያውቅም። ኢኒድ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ ከኋላ ትቆምና፣ "ና፣ ና፣ ግራ ስበር፣ ትንሽ፣ ና፣ ና፣ በቃ!" ትለዋለች። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል።

"ቀጥ ብላለች?"

"ይበቃታል።"

ለዓመታት ሌላ ቃል ጨምረውበት አያውቁም። ከዚያ የየዓመቱ ጎረቤታቸው፣ የሀል ከተማው ጡረተኛ ዴዝመንድ፣ ጽዋውን እንደያዘ ብቅ ይልና "ይገርማል ሄድሊ፣ በአንድ ጊዜ!" ይላል። ሄድሊም "አውቶቡስ ስነዳ ለኖርኩ ሰው ይቺ ምን አላት?" ይላል። ያን ጊዜ ኢኒድ ውስጥ ገብታ ሻይ ጥዳለች። አዝናለች እንዳልል፣ ራሷ "ለዚህ ይታዘናል እንዴ?" የምትል ሴት ናት። ግን ሰምታው ሳታስተውል የቀረችበት ዓመት የለም።

ባለፈው የገና በዓል ሄድሊ ሻዩን ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። "ማን ነው ኩባያውን ያንቀሳቀሰው?" አለ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ሲያይ እንደ ዶሮ አንገቱን ገደድ ማድረግ ጀመረ። አንድ ቀን ብቻውን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተመለሰና፣ "ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው ብለውኛል" አለ። ያለው ግን ለኢኒድ ሳይሆን ለድመቷ ነው። ሄድሊ ውሸት ሲናገር ድመቷን ነው የሚያናግረው። ኢኒድ ገባት።

ለምን አልጠየቀችውም? ጥያቄው ቀላል ነው፣ መልሱ ግን ከባድ። ሄድሊ በሕይወቱ እኔ ነኝ ብሎ የሚቆምበት ነገር መንገድ ነው። መሪውን ስትወስድበት ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ዝም አለችና መንገዱን ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። "ሠላሳ ይላል። እነዚህ ሰዎች ሠላሳ መለጠፍ ሲወዱ!" ትላለች፤ እሱም ይቀንሳል። "ውይ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ" ትላለች፤ እሱም ይቆማል። ሳይነጋገሩ ተስማሙ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ የተቀዱት ካንድ ዝምታ ነው።

እስከ ገበያና እስከ እህቱ ቤት ይህ አስኬዳቸው። ከጉዞው በፊት እነግረዋለሁ ብላ ለራሷ ቆርጣ ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ልጃቸው ጂሊያን ብራዮኒን ከነሻንጣዋ ደጁ ላይ አውርዳት፣ "አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ብራዮኒ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከኋላ ወንበር ገብታ ቀበቶዋን ስታስር የተሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ኢኒድን አስደነገጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ አደጋው የሁለት ሽማግሌዎች ነበር።

መጀመሪያ ያደሩበት ቦታ ሜዳው ሰፊ ስለነበር ያለ ችግር አለፈ። በሦስተኛው ቀን እሜቴን ጎትተው ወደ ላይኛው ሸለቆ ተነሡ። መንገድ ላይ ቶራ ዘንድ ቆሙ። ቶራ ከበረቷ ጀርባ ባለች ዋሻ ውስጥ ቺዝ በጨርቅ ጠቅልላ የምታሳድር፣ እጇ እንደ ወንድ የሰፋ፣ አፏ የማያርፍ ገበሬ ናት። ዋሻዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሁሉም ጎንበስ ብለው ገቡ። ቺዙ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ፣ ዋሻዋ እርጥብ ድንጋይና የረጋ ወተት ትሸታለች።

ቶራ ከፍራፍሬ ኬክ ጋር የተቆረሰ ቺዝ በሳህን ዘረጋችላቸው። "ኬክ ያለ ቺዝ፣ መሳም ያለ እቅፍ ነው" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ሄድሊ እጁን ሰደደና ከሳህኑ አጠገብ አየሩን ጨበጠ። ኢኒድ አላመነታችም፤ አንዱን አንሥታ አፉ ውስጥ አደረገችለት።

ቶራ ሳቀች። "እንዴት ያለ ነገር ነው! በዚህ ዕድሜ ታጎርሺዋለሽ?"

"ካላጎረስኩት ሳህኑን ይጨርሰዋል" አለች ኢኒድ።

"የኔ ሰውዬ እኮ ካገባኝ ጀምሮ እጄን የነካው ቺዙን ስትቆርጪ ቀጭን አድርጊው ሊለኝ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ሄድሊም ሳቀ። ብራዮኒ ብቻ አልሳቀችም። ሳህኑን አየች፣ የሄድሊን እጅ አየች፣ ከዚያ ኬኳን ዝም ብላ በላች።

ከቶራ ደጅ ወጥተው በሁለት የድንጋይ አጥር መሃል በጠበበው መንገድ ሲወርዱ፣ ጥምዝምዙ ላይ አንዲት ሴትዮ በሳይክል መጣች። ኢኒድ ልክ በዚያች ቅጽበት የቶራን ቺዝ እግሯ ሥር ስታስቀምጥ ነበር። ቀና ስትል ሳይክሏ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ናት።

"ሳይክል" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

ሄድሊ መሪውን ቆረጠው። እሜቴ አጥሩን ልትልሰው ለጥቂት ቀረች። ሴትዮዋ ሳር ውስጥ ገብታ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ ከዚያ ደግሞ እጇን አንሥታ አመሰገነች። አዎ፣ አመሰገነች። የዚህ አገር ሰው ሊገድሉት ደርሰው ካልገደሉት ማመስገን ግዴታው ነው። ሄድሊም ደስ ብሎት እጁን አነሣላት።

"ጨዋ ሴት ናት" አለ።

ኢኒድ ቺዙን በእግሯ ወደ ጎን ገፋችውና ዓይኗን መንገዱ ላይ ተከለች።

ሊጎበኙት ያሰቡት ትልቅ ዋሻ ደጅ ሲደርሱ ሄድሊ ቲኬት ሊገዛ ወረደ። ብራዮኒ ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ አባባ አያይም አይደል?"

"ማን አለ?"

"ምልክቱን ሁሉ ታነቢለታለሽ።"

"ማንበብ ስለምወድ ነው።"

"ሳይክሏን እኔም አይቻት ነበር። ልናገር ስል አንቺ ጮኽሽ።"

"አልጮኽኩም።"

"ጮኸሻል። በቀስታ ነው የጮኽሽው።" ብራዮኒ የኮቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። "ለእማዬ አልነግርባችሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት።"

ኢኒድ ዞራ ዚፑን እስከ አንገቷ ድረስ ዘጋችላት። ልጅን በደግነትም በሥርዓትም አሳድገህ ሲያበቃ፣ ፈርታ ዝም እንድትል ያስተማርካት አንተ ራስህ መሆንህን ማወቅ መራራ ነው። ኢኒድ በራሷ አፈረች። ሄድሊ ቲኬቱን እያወዛወዘ መጣና ተያይዘው ገቡ።

አስጎብኚው ቀይ ጢም ያለው ወጣት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ እየተንጠባጠበባቸው፣ አንዴ በደረጃ አንዴ በብረት ድልድይ ወደ ውስጥ መራቸው። ሄድሊ በጠባቡ ቦታ ሁሉ የኢኒድን ካፖርት ጫፍ ይዞ ሄደ። ትልቁ አዳራሽ ሲደርሱ ወጣቱ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ "አሁን መብራቱን አጠፋለሁ። እጃችሁን ዓይናችሁ ፊት አድርጉት፤ አታዩትም" አለ።

አጠፋው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ አንድ ሕፃን እናቱን ጠራ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሄድሊ የኢኒድን እጅ ፍለጋ ሳያስፈልገው አገኘው።

"መሃሉ እንደዚህ ነው" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"የምኑ መሃል?"

"የማየው ሁሉ። ዳር ዳሩ አለ፣ መሃሉ የለም። ፊትሽን ካየሁት ቆየሁ። ስመለከትሽ የማየው ጆሮሽን ነው።"

"ጆሮዬስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።" ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ሐኪሙ እንዳትነዳ ብሎኛል።"

"መቼ?"

"ለድመቷ የነገርኳት ቀን።"

እሱም ማወቋን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስንት ወር ሙሉ እሷ ለእሱ ስትል፣ እሱ ለእሷ ሲል፣ ሁለቱም ሌላውን ላለማሳፈር ሲሉ፣ አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ ከኋላ አስቀምጠው ገደል ለገደል ይነዱ ነበር። ኢኒድ እጁን ጨበጠችው። መናደድም ማልቀስም አማራት። ልትናገር ስትል መብራቱ በራ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። ሄድሊ እጇን ለቀቀና፣ "ሻይ ቢኖር ጥሩ ነበር" አለ።

ሻዩ ላይ ስለ ሻዩ ተነጋገሩ። በጨለማ የተባለው ጨለማ ውስጥ የቀረ መሰለ። ሻያቸውን ጨርሰው ሲወጡ ሄድሊ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ቀጥ ብሎ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ። እግሩ ሌላ በር አያውቅም።

ኢኒድ ቀድማው በሩ ላይ ቆመች።

"ሄድሊ፣ ቁልፉን ስጠኝ።"

"እስከ ሜዳው ድረስ ብቻ ነው። ሁለት ኮረብታ ናት። ከዚያ ጂሊያን መጥታ ትወስደናለች።"

"ስጠኝ።"

"እሜቴን ጎትተሽ አታውቂም። አንቺ ዳቦ ልትገዢ ነው የምትነጂው።"

"አላውቅም፤ እውነትህን ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ብራዮኒ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትመጣው። ከቶራ ቤት ጀምሮ።"

ሄድሊ ወደ ልጅቷ ዞረ። በዓይኑ ዳር ሊያያት አንገቱን ገደድ አደረገ። ብራዮኒ ከመኪናው ማዶ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ምን ያህል እንዳያት አይታወቅም፤ የሚያየውን ያህል ግን አየ። ፊቱ በአንዴ አረጀ። ቁልፉን ኢኒድ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ቶሎ አልለቀቀውም።

"ሁለተኛ ማርሿ ትንሽ ታስቸግራለች" አለ።

መንገዱን እንዴት እንደወረደች ኢኒድ ደህና አድርጋ አታስታውስም። ከኋላቸው የመኪና ሰልፍ ረዘመ፤ ትራክተር እንኳ ተሰልፎ ነበር። ሄድሊ ከጎኗ ተቀምጦ በማያየው መንገድ ላይ ባዶ ፍሬን ይረግጣል።

"ሁለተኛ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሞተሩ እኮ እያለቀሰ ነው።"

"ያልቅስ። እኔም እያለቀስኩ ነው።"

"ከኋላችን ሰው አለ?"

"ግማሹ ዮርክሻየር አለ።"

"ይጠብቁ። እኔ ስጠብቃቸው ነው የኖርኩት።"

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ኢኒድ በመስታወቱ ቀና ብላ አየች፤ የብራዮኒ ዓይኖች ተከፍተዋል።

ሜዳው ደረሱ። የደረሳቸው ቦታ ከሁሉ የጠበበው ሆነ፤ በአንድ ወገን የዴዝመንድ ካራቫን፣ በሌላው ወገን አጥር፣ ከኋላ በስተቀኝ በድንጋይ የታጠረ የውሃ ቧንቧ። ዴዝመንድ ወንበሩ ላይ ነው። ከሹፌሩ መስኮት ኢኒድን ሲያይ ጽዋውን አፉ ጋር እንዳደረሰ ቀረ። ወዲያው ጋዜጣውን ገለጠ። በየደጁ ወንበር ሲዘረጋ ተሰማ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የነሱም መስከረም ይቺው ናት።

ሄድሊ ሊወርድ በሩን ከፈተና ቆም አለ። ከዚያ ከወንበሩ ጀርባ የኢኒድን ቢጫ ካፖርት ሳበና ለበሰው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀም። መኪናውን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ኋላ ሄዶ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ።

"ነይ" አለ። "ነይ፣ ነይ። ግራ ስበሪ።"

ኢኒድ ሰበረች። እሜቴ ወደ ዴዝመንድ ጽዋ አመራች። ወደ ፊት ወጣችና እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ተጣመመች። አፏ ለዓመታት የሚያውቀውን እጇ አያውቀውም ነበር። ጀርባዋ በላብ ራሰ። ቆም ብላ ዓይኗን ከሰዉ ላይ አነሣችና፣ እዚያ ከኋላ ብቆም አሁን ምን እለው ነበር ብላ ራሷን ጠየቀች። ያን ጊዜ ገባት። ቀኝ በትንሹ፣ ቀስ በል፣ መልስ። ራሷን እያዘዘች ገፋች። እሜቴም ሰምታት ቀጥ ማለት ጀመረች።

"ግራ! ግራ ስበሪ!" ይላል ሄድሊ፣ ክንዱን በሙሉ እምነት እያወናጨፈ። በመስታወቱ ታየዋለች። መሪውን ግራ ከሰበረች እሜቴ የምትሄደው ወደ ቀኝ፣ ወደ ድንጋዩ ቧንቧ ነው። ብትሰማው ድንጋዩን ትገጫለች፤ ባትሰማው ይህ ሁሉ ሰው እያየ ባሏን ታዋርደዋለች። ፍሬኑን ረገጠችና ቆመች። ምንም አላለችም። መቆሟን ብቻ አሳወቀችው።

ሄድሊ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ጠበቀ። ሞተሩ በቀስታ ይጉተመተማል፣ ካራቫኗ አትንቀሳቀስም። ሠላሳ መንገደኛ ይዞ የኖረ ሹፌር መኪና ያለ ምክንያት እንደማይቆም ያውቃል። ክንዱን አወረደው። ከዚያ ያን ሁሉ ዓይን ረስቶ፣ ወይም ችሎ፣ አንድ መዳፉን እሜቴ ጀርባ ላይ አሳረፈና ሌላውን ዘርግቶ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ድንጋዩን አገኘው። ስንት ክንድ እንደቀረ በእጁ ለካ። ወደ ጎን ወጣ፣ በመስታወቱ እንደምታየው ሲያውቅ መዳፉን የካራቫኗ ጥግ ላይ አኖረ፣ በቅሎ እንደሚስብ ሰው አብሯት መራመድ ጀመረ።

"ነይ" አለ፣ አሁን ሳይጮህ። "ነይ የኔ እናት። ነይ። ትንሽ ቀኝ። ነይ። በቃ።"

ኢኒድ ሞተሩን አጠፋች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ "ቀጥ ብላለች?" አለች።

ሄድሊ መዳፉን በእሜቴ ጎን ላይ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተ።

"ይበቃታል።"

ዴዝመንድ ጋዜጣውን አጥፎ፣ ጽዋውን ይዞ መጣ። ቢጫውን ካፖርት አየ፤ ስለ እሱ ምንም እንዳይናገር አስተዳደጉ ከለከለው።

"ሦስት ጊዜ ቢፈጅም ከኔ ይሻላል" አለ። "ሄድሊ፣ ደህና አድርገህ አስተምረሃታል።"

ኢኒድ መሪውን እንደጨበጠች መስኮቱ ክፍት ነው። የሄድሊን መልስ በልቧ ቀድማ ተናግራዋለች፤ አውቶቡስ ስነዳ ለኖርኩ ሰው የምትለዋን።

"እኔ አላስተማርኳትም" አለ ሄድሊ። "ይቺን ካራቫን እስከ ዛሬ በአንድ ጊዜ ያስገባችው እሷ ናት፣ እዚያ ከኋላ ቆማ። እኔ መሪውን ስይዝላት ነው የኖርኩት።" ካፖርቱን አወለቀ፣ አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። "አሁን ጠይቃት እንዴት እንደሚደረግ። እኔ ሻይ ልጥድ።"

በእጁ እየዳሰሰ የእሜቴን በር አገኘና ገባ። ዴዝመንድ ወደ መስኮቱ መጣ፣ ኢኒድ ግን ገና መሪውን አለቀቀችም። ብራዮኒ ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ያዘቻት።